በሰባራ ገንቦ የበቀለው ፈርን

የራሰ ሸክላ ሽታ ዛሬም ሆዴን ያባባዋል። ትናንት ታላቋ ልጄ ከወረታ መጥታ እንስራውን ስታጥብ ሸተተኝና ሥራዬን አቆምሁ።

ስምንተኛ ክፍል ነበርሁ። ለእናቴ ጉልበት ሕመም ወንዛዬ ፍል ውሃ ስንወርድ፣ እንፋሎት ከሚያረጥበው ዓለት ስንጥቅ መምህራችን ፈርን የሚለውን ቅጠል ቆርጬ ይዤ መጣሁ። ከሆዱ በኩል ቡናማ ነጠብጣብ ነበረበት። አበባም ፍሬም የለው፤ የሚራባው ከዚያ ነጠብጣብ በሚረግፈው ብናኝ ነው ብሎን ነበር።

ይህን ስናገር አባቴ ሰምተው ሳቁ።

«ሩዝ እንኳ ዘር ይፈልጋል! ከአቧራ ምን ሊበቅል?»

«ይበቅላል አባባ።»

«እንግዲያው እስከ ጥር አብቅለሽ አሳዪኝ፤ ትማሪያለሽ። ካልበቀለ ለመጡት ሽማግሎች እሺ ብዬ እድርሻለሁ።»

ብናኙን በሰባራ ገንቦ ቂጥ፣ እርጥብ አፈር ላይ አራገፍሁት፤ በላስቲክም ሸፈንሁት። ከመስቀል በኋላ ጥፍር የሚያህሉ፣ ልብ የሚመስሉ ስስ ቅጠሎች አፈሩን አለበሱት። ፈርኑ የሚወጣው ከእነርሱ ነው። ወንዴውና ሴቴው ሕዋስ እዚያች ቅጠል ላይ ይገናኛሉ፤ ግን ውሃ ከሌለ ወንዴው ዋኝቶ አይደርስም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እረጨው ነበር፣ «አምላኬ፣ አንዲት ዘለላ ብቻ» እያልሁ።

ታኅሣሥ ሲያልቅ አባቴ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይህማ እንስራ ሳይታጠብ ሲከርም የሚይዘው አረንጓዴ ነው።»

«ቀኑ አልደረሰም አባባ።»

«ሽማግሎቹ ደርሰዋል።»

እናቴ አጠገባችን ሩዝ ትለቅም ነበር። አየኋት። ጠጠሩን ጣለችና ለቀማዋን ቀጠለች።

ጥር ላይ ተዳርሁ።

ለፋሲካ ከባለቤቴ ጋር ለወላጆቼ አክፋይ ይዘን መጣን። ሜዳው በፀሐይ ተሰነጣጥቋል። በጓሮው ጥላ ግን፣ ከዚያ ገንቦ ውስጥ፣ ፈርኑ ቆሟል፤ ጫፉ እንደ አራስ ልጅ የተጨበጠ እጅ ተጠቅልሏል። ከሥሩ ያች ልብ መሳይ ቅጠል ደርቃለች። አጠገቡ የእናቴ ጣሳ ተቀምጧል፤ ውስጡ እርጥብ ነው።

«አባባ አዩት?» አልኋት እናቴን።

«አዩት።»

«ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ተድረሻል።»

አምላክ ይመስገን፣ ልጆች ሰጥቶኛል፤ ታላቋም ትማራለች። እናቴ አርፋለች፤ ነፍሷን ይማር። በዚያ በደረቅ ወር ውሃ ከሩቅ ተሸክማ ለቅጠሌ አልነፈገችም። እኔ ግን ያን ዕለት፣ ሩዝ ስትለቅም፣ የጠበቅሁት አንዲት ቃል ነበር።