መልካም ወሬ ብቻ የሚሰማበት ቤት

ቶሪቢያ መቀመጥ አልሆነላትም። የአጥቢዎች ቤት ሕግ ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት መጋደምን ያዛል። እሷ ግን ጋደም ብላ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን ክንፋም ሕፃናት አንድ ሁለቴ ካየች በኋላ ትነሳና ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት መመላለስ ትጀምራለች። የቤቱ ኃላፊ እሜቴ ኢኔስ በጥቁር ቀሚሳቸው ብቅ ብለው፣ «ወተቱን በእግርሽ ልትጨርሽው ነው?» ይሏታል። ትቀመጣለች። የእሜቴ ኮቴ ደረጃው ላይ ሲጠፋ ደግሞ ትነሳለች።

ከቡርጎስ ተራሮች ከወጣች ስምንተኛ ወሯ ነው። ጥር ላይ፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ አንድ የቤተ መንግሥት ሐኪም ወደ ሸለቋቸው መጣና የሚያጠቡትን ሴቶች ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አሰለፈ። ጥርሳቸውን ቆጠረ፣ ትንፋሻቸውን አሸተተ፣ ወተታቸውን በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ጠብ አድርጎ ወደ ፀሐይ ዘንበል አደረገው። ከሠላሳ አንድ ሴቶች ሁለቱን መረጠ። ቶማሳ ሊወለድ ያለውን የንጉሥ ልጅ የምታጠባ ሆነች፤ ቶሪቢያ ደግሞ ቶማሳ አንድ ነገር ብትሆን የምትተካ ተጠባባቂ። ልዑሉን ጡት እስኪጥል ያጠባች ሴት፣ ባሏና ልጆቿ የባላባት ማዕረግ ያገኛሉ፤ ግብር አይከፍሉም፣ ለወታደርነትም አይመለመሉም። የቶሪቢያ ባል ሴልሶ ይህን ሲሰማ ቆቡን አወለቀ፣ መልሶም አጠለቀው። የሦስት ወር ልጃቸውን ካሲልዳን ለእህቱ ለኤልቪራ ያስረከባት በዚያው ቀን ነው። ኤልቪራም ታጠባ ነበር፤ ሁለት ጥርስ ስለጎደላት ሐኪሙ መልሷታል።

ቤተ መንግሥቱ አንድ ቦታ የሚያርፍ አልነበረም። ንጉሡ የበረዶውን ወራት ኤል ፓርዶ ሲያድን ይቆያል፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ አራንሁዌስ፣ ሙቀቱ ሲጠና ወደ ላ ግራንሃ፣ ቅጠል ሲረግፍ ወደ ኤስኮሪያል ይሄዳል። ሲሄድም አልጋው፣ ምንጣፉ፣ የግድግዳው መጋረጃ ሁሉ አብሮ ይጓዛል። አጥቢዎቹ የሚጓዙት ከወጥ ቤቱ ጋሪዎች ኋላ፣ ከአደን ውሾቹ ፊት ነው። ቶሪቢያ ሣጥኗን ፈትታ ሳትጨርስ እንደገና ታስራለች። ወተቷ እንዳይደርቅ የአንዲት ልብስ አጣቢ ልጅ ተሰጥቷት ቀን ቀን ታጠባዋለች፤ እናቱ ከወንዝ ስትመለስ ትወስደዋለች።

ሁለቱ ሴቶች ክፍላቸው ጎን ለጎን ቢሆንም ክብራቸው ለየቅል ነበር። ልዑሉ ከተወለደ ወዲህ ወደ ቶማሳ የሚሄደው የዶሮ ሾርባ ጦር በያዙ ሁለት ዘበኞች ታጅቦ ያልፋል። በኮሪደሩ ያለ መኳንንት ሁሉ፣ የንጉሡን ክፍሎች የወርቅ ቁልፍ በወገቡ ያንጠለጠለው ባለሟል ሳይቀር፣ ባርኔጣውን አውልቆ ይቆማል፤ ሾርባው ነገ ወተት ሆኖ ልዑሉ ሆድ ይገባልና። የቶሪቢያ ሾርባ ከዚያው ድስት ተቀድቶ ያለ አጃቢ ይመጣል። አንድ ቀን ቶማሳ በሳቅ ፍርስ እያለች ገብታ፣ «እቴ፣ ዛሬ አንድ መስፍን ለዶሮ እግር እጅ ነሳ። እኔንማ ዞር ብሎም አላየኝ» አለቻት።

ከቤቱ ሕጎች ሁሉ የጠበቀው የወሬ ሕግ ነበር። ሐኪሙ ሐዘን ወተት ውስጥ ይገባል ብሎ ያምናል። ያዘነች ሴት ያጠባችው ልጅ ሆዱን ይነፋዋል፣ ሲያድግም ፈሪ ይሆናል። ስለዚህ ከአገር ቤት የሚመጣ ደብዳቤ በመጀመሪያ እሜቴ ኢኔስ እጅ ይገባል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጸሐፊው ዶን ፌርሚን የሚነበበውን ያነብላቸዋል። ሁለቱም ሴቶች ፊደል አይለዩም። ሕጉንም ሲገቡ ተነግሯቸው፣ መልካም ነው ብለው መስቀል ስመዋል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ ቶሪቢያን አላስጨነቃትም። የሴልሶ ደብዳቤ የደብሩ ቄስ ቢጽፈውም የራሱ የሴልሶ ነበር፤ ልጅቷ ደህና ናት፣ ጣሪያው ተጠግኗል፣ በርቺ፣ አለቀ። ላ ግራንሃ ከገቡ በኋላ ግን ደብዳቤው ጠባዩን ለወጠ። «ውድ ባለቤቴ» ብሎ ይጀምራል። የሜዳው አበባ እንዴት እንዳማረ ያትታል። ካሲልዳም በየደብዳቤው ትስቃለች። ቶሪቢያ ከሴልሶ ጋር ስድስት ዓመት ኖራለች፤ አንድ ቀን እንኳ ውድ ብሏት አያውቅም፣ አበባም በፍየል አፍ ካልሆነ አይቶ አያውቅም።

እንቅልፍ ያጣችው ከዚያ ወዲህ ነው። ፊት ለፊት ብትጠይቅ ሁሉም ደህና ነው እንደምትባል ታውቃለች፤ ደህና ባይሆንም የምትባለው እሱኑ ነው። በዚህ ቤት ደህና የሚለው ቃል ምንም አይናገርም። ሦስት ቀን ስትመላለስ አሰበችበትና ቅዳሜ ዕለት መልስ ስታስጽፍ፣ ዶን ፌርሚንን እንደ ዋዛ፣ ቀይዋ ላም ወልዳ እንደሆነ ሴልሶን ጠይቅልኝ አለችው። ጸሐፊው ጻፈ። ሴልሶ ላም የለውም። አባቱም ላም ኖሮት አያውቅም፤ ቤታቸው ዘጠኝ ፍየልና ከጎረቤት ጋር የሚጋሩት የበቅሎ እኩሌታ ነው ያለው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዶን ፌርሚን ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። ቀይዋ ላም በሰላም ተገላግላለች። ጥጃዋ ሴት ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት አላት።

ቶሪቢያ እግዚአብሔር ይመስገን አለች። ድምጿ አልተለወጠም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ግን የምትበላው አይታወቃትም ነበር። እቤቷ አንድ ነገር ደርሷል፤ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ የሚያውቁት ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ ፊቷን እያዩ ደህና ዋልሽ ይሏታል።

በነሐሴ መጨረሻ የቶማሳ ነገር ተበላሸ። አይብ ይዞ የመጣ የሸለቋቸው በቅሎ ነጂ አትክልት ቦታው ውስጥ አግኝቷት፣ ሰምታለች ብሎ፣ በአባቷ ሞት ነፍስ ይማር አላት። አባቷ ከሞቱ አራት ወር አልፏቸው ነበር። ባለፈው ቅዳሜ በተነበበላት ደብዳቤ ግን ጉልበታቸው ተሽሏቸው ሰላም ብለዋታል። ቶማሳ እዚያው ጠጠሩ ላይ ተቀምጣ ጮኸች። ቶሪቢያ በመስኮት ሰምታ ወደ ታች ሮጠች፤ ነጂውን ስለ ቤቷ ልትጠይቀው ነበር፤ ስትደርስ ዘበኞች ከነበቅሎው አስወጥተውታል። ማግስቱን ሐኪሙ የቶማሳን ወተት ጥፍሩ ላይ ጠብ አድርጎ፣ ውሃ ሆኗል አለ። እስከ ምሳ ሣጥኗ ታስሮ ወደ አገሯ ተሸኘች።

ወዲያው ቶሪቢያን አጠቧት፣ ከፋይ ቀሚስ አለበሷት፣ አንገቷ ላይ ቀይ የመርጃን ዶቃ አሰሩላት። የልዑሉ ክፍል ደጃፍ የባለ ቁልፎቹ መኳንንት ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ለበሩ የሚቀርበው ማን እንደሆነ በክርናቸው እየተገፋፉ። ልዑሉ ከጠዋት ጀምሮ ስላልጠባ ጩኸቱ እስከ ደረጃው ይሰማል። እሜቴ ኢኔስ አንስተው ሰጧት። ቶሪቢያ በአንድ ክንዷ ተቀበለችው፣ በሌላ እጇ ግን የቀሚሷን ደረት እንደያዘች ቀረች።

«በመጀመሪያ ደብዳቤዎቼ» አለች።

«ቅዳሜ ይነበብልሻል።»

«እሜቴ፣ እኛ ቤት ላም የለም።»

ዶን ፌርሚን ጫማውን አየ። ሐኪሙ፣ ላሟ ደግሞ ከየት መጣች ብሎ ጠየቀ። እሜቴ ኢኔስ ክንዷን ይዘው ወደ መስኮቱ ወሰዷትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ በዚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሲያገለግሉ አሥራ አንድ ልዑላን አሳድገዋል።

«ስሚኝ፣ ልጄ። እኔ ሣጥን ውስጥ ያልተነበቡልሽ ሁለት ደብዳቤዎች አሉ። ከተነበበልሽ ዛሬውኑ ትሄጃለሽ። ካልተነበበልሽ የልጅ ልጆችሽ ሳይቀሩ ባላባት ናቸው። የሆነው እንደሆነ ሆኗል፤ ማወቅሽ አይመልሰውም።»

«መልካም ወሬ ቢሆንስ? እሱም ያስባርራል?»

እሜቴ ኢኔስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ቶሪቢያም ከዚህ የበለጠ መልስ አልጠበቀችም። የሚጮኸውን ልጅ መልሳ ክንዳቸው ላይ አስቀመጠችው። ልቧ አልጨከነም፤ ግን አስቀመጠችው።

«ያንብቡልኝ» አለች።

በኋላ በላ ግራንሃ እንደተወራው፣ ከማድሪድ ሌላ አጥቢ እስክትመጣ ድረስ ልዑሉ ሁለት ቀን ጠብቶ ነበር። ማን እንዳጠባው በመዝገብ አልሰፈረም። ልብስ አጣቢዋ ግን ሁለቱን ቀን ወንዝ አልወረደችም፤ ሾርባም በዘበኛ ታጅቦ በጓሮ በር ሲገባ ታይቷል።

ዶን ፌርሚን ደብዳቤዎቹን ያነበበው በአጥቢዎች ቤት ደረጃ ላይ ቆሞ፣ ያለ አበባና ያለ ውድ ባለቤቴ ነው። የመጀመሪያው በሰኔ መጨረሻ የተጻፈ ነበር። ካሲልዳን ፈንጣጣ ይዟታል፤ ኤልቪራ የራሷን ልጅ ጎረቤት አስቀምጣ እሷን ታስታምማለች፤ ከቻልሽ ነይ። ሁለተኛው ከአሥራ ስድስት ቀን በኋላ። አልመጣሽም። ዓይኗን አትገልጥም። ቄሱ ሁለት ጊዜ መጥቷል። ከዚያ በኋላ ሌላ የለም። ጸሐፊው ወረቀቱን አጥፎ ሰጣትና፣ ላሟን ስለጻፈ ይቅርታ ጠየቃት። ለላሟ ስም እንኳ አስቦላት እንደነበረ ተናገረ። ቶሪቢያ አልሰማችውም፤ ከፋዩን አውልቃ መርጃኑን እየፈታች ነበር።

መንገዱ ስምንት ቀን ወሰደ። ሱፍ ከሚጭኑ ነጋዴዎች ጋር ነው የሄደችው። ነጋዴዎቹ በቅሎዎቹን ሊያሳርፉ ሲቆሙ እሷ አትቆምም፤ ቀድማ ትሄዳለች፤ ከሰዓት በኋላ ይደርሱባታል። አንደኛው ነጋዴ፣ «እመቤት፣ መንገዱን ለኛም አስቀሪልን እንጂ» አላት። ጡቷ ሞልቶ ደንጊያ ሆኖ ነበር። በየምንጩ ጎንበስ ብላ ታልበውና ሣሩ ላይ ታፈሰዋለች።

ደጃፏ ስትደርስ ያየችው አንድ የተጠረበ ትልቅ ድንጋይ ነው፤ ጠርዙ ላይ ሐረግ ተቀርጾበት መሐሉ ባዶ። ሴልሶ ከበሩ በላይ የሚሰቀል የባላባት ምልክት ለጠራቢ አዝዞ ኖሯል። ከድንጋዩ ኋላ ኤልቪራ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ቀሚሷን ይዛ አንዲት ቀጭን ሕፃን ቆማለች፤ ፊቷ ተቆፋፍሯል፣ ግራ ዓይኗ ነጭ ሆኗል። እንግዳዋን በቀኝ ዓይኗ አይታ በኤልቪራ ጉልበት ተሸሸገች።

ሴልሶ ከጓሮ ሲመጣ ሚስቱን አየና መጀመሪያ ያየው እጇን ነው፤ ትንሽ ጥቅል ብቻ ይዛለች።

«ለምን መጣሽ?»

«ዓይኗን አትገልጥም ብለህ ጽፈህ።»

«እሱ የሐምሌው ነው። ድናለች ብዬ ጻፍኩልሽ እኮ። ቄሱ ቡርጎስ ሄዶ ስለነበር ቆየ እንጂ፣ ከተላከ አሥር ቀኑ ነው። መንገድ ላይ ተላልፋችሁ ይሆናል።» ከዚያ ነገሩ ሲገባው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። «አንድ ቅዳሜ። አንድ ቅዳሜ ብትታገሺ ይነበብልሽ ነበር።»

«ይነበብልኝ ነበር» አለች ቶሪቢያ። «አላምነውም እንጂ።»

ሴልሶ ይህን አልተቀበለውም። በዚያ ቀን ብቻ አይደለም፤ ግብር ሰብሳቢው በመጣ ቁጥር ለብዙ ዓመት ያነሳባት ነበር፤ እሷም ለብዙ ዓመት አልመለሰችለትም። በዚያ ቀን ግን ወደ ልጇ አልተጠጋችም፣ እንዳታስደነግጣት ብላ። ልጅቷ ጡት ትታ ሁሉን እንደምትበላ ኤልቪራ ነገረቻት። ቶሪቢያ ደረቷን በሰፊ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋ አሰረች፣ ባቄላ ከሚፈለፈልበት ቅርጫት ማዶ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ አለቻት።

ኤልቪራ ወንድሟን አየች፣ ልጅቷን አየች። «አሁን አልፏል፣ እህቴ። ምን ያደርግልሻል?»

«ክፉውን አታስቀሪብኝ።»

ኤልቪራ ቅርጫቱን ወደ ጎን ገፋችውና፣ ትኩሳቱ የጀመራት ማክሰኞ ጠዋት እንደነበር፣ ጥርስ ማውጣት መስሏት ሁለት ቀን ችላ እንዳለችው ከመናገር ጀመረች።