እምቢ ያልኩበት ቤት

እናቴ ከሲያትል ወጣ ብሎ ኦበርን ከተማ ካለ መጋዘን ውስጥ ቆማ ስትሠራ ውላ ትመለስና እግሯን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ እየነከረች ትመክረኝ ነበር። «ሰው ቤት ምግብ ሲያቀርቡልሽ ቶሎ እሺ እንዳትዪ። ያላየች ይሉሻል» ትለኛለች። እኔም ሲያትል አድጌ፣ ኮሌጅ ገብቼ፣ ለአንድ ዓመት ፈረንሳይ እንድማር ስላክ ያንኑ ምክር ይዤ ሄድኩ። ምናለ እዚሁ ትቼው ብሄድ!

የሄድነው ሁለት ሐበሾች ነበርን። ሌላዋ እዚያው ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ሰፈር አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ ናት። በወረቀት ላይ «አሜሪካውያን ተማሪዎች» ነን። ፈረንሳዮቹ ግን አይዋጥላቸውም። «ከየት ናችሁ?» ሲሉን «ከሲያትል» እንላለን። «እሱስ እሺ፣ ከዚያ በፊትስ?» ይሉናል። ኧረ ጉድ ነው፣ ፓስፖርት እናሳያቸው እንዴ?

የትምህርት ፕሮግራሙ እያንዳንዳችንን አንድ ፈረንሳይ ቤት አስቀመጠን። ለእሷ የደረሳት ቤት ከከተማ ውጭ ነው። አውቶቡሱ አያደርስም፣ ራት የሚበላውም ቴሌቪዥን ላይ ተፈጥጦ ነው። ለእኔ የደረሱኝ ደግሞ መሀል ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ማዳም ነበር የምላቸው።

በመጀመሪያው ምሽት ዶሮ በድንች ጠብሰው አቀረቡ። ትንሽ ቀማመስኩና «ልጨምርልሽ?» ሲሉኝ «ኧረ በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ፣ እንደ ወጉ። ከዚያ ልመናውን እጠብቃለሁ። ማዳም ሆዬ ዶሮውን ብድግ አድርገው ወደ ጓዳ! በስመ አብ! እኛ ጋ ቢሆን «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ይቺን ብቻ» ተብሎ ተብሎ፣ ሰው በግድ ይጠግባል። እዚያ አገር በሞቴ የሚል የለም። ሆዴ እየጮኸ ተኛሁ።

በማግስቱም ያው ሆነ። ታዲያ ለምን እሺ አትዪም ትሉኝ ይሆናል። አፌ አልታዘዝ አለኝ! ዕድሜውን ሁሉ እምቢ ሲል የኖረ አፍ በአንድ ሳምንት ይገራል? «አዎ» ልል እነሳና እናቴ ከሲያትል የምታየኝ ይመስለኛል።

ቢርበኝም ያን ቤት ወደድኩት። ማዳም የጻፍኩትን ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያነበቡ ያርሙኛል። ቅዳሜ ገበያ ይዘውኝ ይወጣሉ። ሻጮቹን «ይቺ የእኔ ልጅ ናት፣ አደራ እንዳታታልሏት» ይሏቸዋል። የእኔ ልጅ! ከሰዓት ከትምህርት ስመለስ ዳቦና ፎርማጆ በጨርቅ ሸፍነው ጓዳ ያስቀምጡልኝ ጀመር። እሳቸው ምንም አይሉ፣ እኔም ምንም አልል፣ ብቻ ጥርግ አድርጌ እበላለሁ። ከዚያ በኋላ ዓመቱን እዚያ ቤት ከመጨረስ የበለጠ የምመኘው ነገር አልነበረም።

የራቱን ጉድ ለጓደኛዬ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ለማን እነግራለሁ? በዚያ ከተማ የእኛን እምቢታ የሚያውቅ ከእሷ ሌላ ማን ነበረኝ? አንድ እሁድ ማዳም ምሳ ጋበዟት። እኔ ጓዳ ሳህን ሳጥብ እነሱ ሳሎን ሲያወሩ ቆዩ። አውቶቡስ ላሳፍራት ስሸኛት «አንቺ እኮ ታድለሽ!» አለችኝ። ደስ ብሏት ያለችው መስሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የፕሮግራሙ አስተባባሪ ጠራችኝ። «ማዳም የሚስማማሽ ቤት ቢገኝልሽ ይሻላል ብለዋል» አለችኝ። ሻንጣዬን ይዤ ከከተማ ውጭ ወዳለው ቤት ሄድኩ፣ ጓደኛዬ ደግሞ የእኔ ክፍል ገባች። አቅፋኝ «ምን ላድርግ፣ እነሱ ናቸው የወሰኑት» አለች። ማዳም በሩ ላይ ሁለቱን ጉንጬን ሳሙኝና ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ። ተባረርኩ ማለት ነው። ቅስሜ ተሰበረ። ምን አጠፋሁ እያልኩ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ሰፈር ሳላልፍ ጨረስኩ።

ሲያትል ተመልሰን ጓደኛዬ የተመረቀች ጊዜ እናቷ ቤት ድግስ ነበር። እናቷ ወጥ ሊጨምሩልኝ ሲመጡ «ኧረ እትዬ፣ በቃኝ፣ አይጨምሩብኝ» አልኳቸው። ጓደኛዬ ከወዲያ ማዶ ሳቀች።

«እማዬ፣ አትስሚያት፣ ጨምሪላት! ይቺ እኮ ፈረንሳይ እንደዚህ እያለች ነው ቤቷን ያጣችው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ሳህኔን አስቀመጥኩ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አልነገርኩሽም እንዴ? ሶ፣ አስተባባሪዋን ኮል አድርጌ ምግቡ አልተስማማትም አልኳት። ለአንቺው ብዬ ነው! በረሃብ ልትሞቺ አልነበር?»

«ክፍሌን የወሰድሽውም ለእኔው ብለሽ ነው?»

«ኦኬ፣ አንድ ሰው መቀየር ነበረበት። በናትሽ ሰው ፊት አታካብጂ።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። እኔን የጣለኝ ደግሞ ከወደቅኩ በኋላ አቅፎ ያጽናናኝ ነው! ደሜ ፈላ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ አብሮ አደጌ ናት፣ ሆዴ ሊጠላት አልቻለም። ምናልባት እውነትም አዝናልኝ ይሆናል እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ።

ሲነጋ ስልክ ካርድ ገዝቼ ማዳም ጋ ደወልኩ። እዚያ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ድምፄን ወዲያው ለዩት። እንዳልጠላኋቸው፣ ምግባቸውንም እንዳልጠላሁት፣ እኛ ጋ እንግዳ መጀመሪያ እምቢ እንደሚልና ተለምኖ እንደሚበላ እየተንተባተብኩ አስረዳኋቸው።

«ጠርጥሬ ነበር» አሉኝ። «እምቢ እያልሽ ዓይንሽ ሳህኑን ይከተለው ነበር። ለዚህ ነው ያን እሁድ፣ አንቺ ጓዳ ሳለሽ፣ ጓደኛሽን የጠየቅኳት። በአገራችሁ እንግዳ ሳይለመን አይበላም እንዴ፣ ልለምናት እንዴ አልኳት።»

«ምን አለችዎ?»

«እንዳይለምኗት፣ ትቀየማለች አለችኝ።»