ለሳሎኔ የመረጥኩት ቀይ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፣ ለልጆቼ አልነገርኩም። በጾም ቀን ቄሱ ፊት ቆሜ በድያለሁ ስል እንኳ ማንን እንደበደልኩ ውጬው ነው የተመለስኩት። እናንተ አታውቁኝም፤ ብታውቁኝ ኖሮ አልነግራችሁም ነበር። የአንዲት ምንም ያላደረገችኝ ልጅ ትዳር አበላሽቻለሁ። ያበላሸሁት በስድብ ወይም በውሸት አይደለም፣ ከዚያ በባሰ ነገር ነው። የጀመረው ደግሞ ግድግዳ ምን ዓይነት ቀለም ይቀባ በሚል ነገር ነው።

እኔ ተጠራጣሪ ሴት ነኝ። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም፣ ታሪኩ እንዲገባችሁ ነው። ሹክ ገበያ ቲማቲም ስገዛ ከሥር ያለውን አገላብጬ አያለሁ። ሐኪም ደህና ነሽ ሲለኝ ለምን ፈገግ አለ እላለሁ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ማን እንዳስተማረኝ አላስታውስም፣ አብሮኝ የተወለደ ይመስለኛል። ባሌ ተገኘ ይህን ጠባዬን ስለሚያውቅ፣ አለም፣ አንቺ እኮ ጥላሽን ለምን ተከተልከኝ ብለሽ የምትጠይቂ ነሽ እያለ ይስቅብኛል። እኔም እስቅ ነበር።

ነገሩ የሆነው የልብ ቀዶ ጥገና ባደረግኩበት ዓመት ነው። ከሆስፒታል ወጥቼ እዚህ እስራኤል፣ ኔታኒያ፣ ዶራ ሰፈር ባለው ቤታችን ተጋድሜ ግድግዳ ሳይ እውል ነበር። የኔታኒያ ባሕር ለተመልካች ደስ ይላል፣ ለግድግዳ ግን ጠላት ነው። እርጥበቱ ገብቶ የሳሎናችን ቀለም ተልጧል፣ ጥጉ ላይ ጥቁር ሻጋታ ወጥቷል። ስድን አስቀባዋለሁ አልኩ። ሞት አጠገቤ ደርሶ ስለተመለሰ ነው መሰል ደማቅ ነገር አማረኝ። አንዱ ግድግዳ ቀይ ይሁን፣ የተደለዘ በርበሬ የመሰለ ቀይ፣ የቀሩት ደግሞ የቅቤ ቀለም። ዓይኔን ጨፍኜ ሳሎኑን አየው ነበር። ሶፋው የት እንደሚዞር ሳይቀር አውቄ ነበር።

ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን ካለው አንድ ቀለም ቤት ሊያት የምትባል ልጅ ትሠራ ነበር። ወላጆቿ የእኛው የቤተ እስራኤል ሰዎች ናቸው፣ እሷ እዚሁ የተወለደች፣ ከቃዲማ ዞራን ከተማ እየተመላለሰች የምትሠራ። ሥራዋ ደንበኛን ማማከር ነው። ፀሐይ በየት በኩል እንደሚገባ ትጠይቃለች፣ መኒፋ የሚሉትን እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ የቀለም ናሙና ከፍታ ታሳያለች፣ የትኛው ለመኝታ ቤት የትኛው ለወጥ ቤት እንደሚሆን ትናገራለች። እዚህ የተወለዱ ልጆች አንቱታ አያውቁምና አንቺ ትለኛለች፤ ግን በአክብሮት ነው። ያን ቀን ወደድኳት። ቀዩን ስነግራት ዓይኗ በራ።

«እትዬ አለም፣ ማማሽ፣ በእውነት ያምራል» አለችኝ። «ግን የማያብረቀርቀው ይሁን። የሚያብረቀርቅ ቀይ ዓይን ያደክማል።»

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቀለሙን ላዝዝ ስመለስ ሌላ ሰው ሆና ጠበቀችኝ። ቀይ ለእርጥበት አይሆንም አለች፣ ቶሎ ይደበዝዛል አለች፣ ነጣ ያለ ብታደርጊው ይሻላል አለች። ደግሞም የማያብረቀርቀው ሳይሆን ለስለስ ያለው፣ በሳሙና የሚታጠበው ይሁን አለች። ይህን ሁሉ ስትል ዓይኔን አታይም። ሳሎናችሁ ብዙ ሰው ይገባበታል ወይ ብላም ጠየቀችኝ። እኔ ደረቷን ተቀድዳ የተኛች ሴት፣ ማን ይመጣብኛል? ቤት ስገባ ተገኘ ያንኑ ደገመልኝ። ነጣ ያለ ይሁን፣ የሚታጠብ ይሁን፣ ሰው ጀርባውንና ጭንቅላቱን ቢያስደግፍበት የማይቆሽሽ። ልጅቷ ያለችኝን ገና አልነገርኩትም ነበር።

ተገኘ ማለት መጋረጃ ቀይሬ ወር ሙሉ ሳያየው የሚቀር ሰው ነው። ሸሚዙን እንኳ የምመርጥለት እኔ ነኝ። እሱ ነው እንግዲህ ድንገት የቀለም አዋቂ ሆኖ ስለ ማብረቅረቅና ስለ መታጠብ የሚያስረዳኝ። ማን አስተማረው? ብላችሁ አትጠይቁም ነበር? እኔ ጠየቅኩ፣ ራሴው መለስኩ።

ከዚያ ወዲያ ያየሁት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ሆነብኝ። ተገኘ ስልክ ሲደወልለት መርፐሰት ላይ ወጥቶ የበረንዳውን በር ከውጭ ይዘጋል። ዘመዶቹ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ወጥ ቤት ገብተው ይንሾካሾካሉ፣ እኔ ስገባ ስለ አየር ጠባይ ያወራሉ። ትንሹ ልጄ ከጦር ሰፈሩ ለሰንበት ሲመጣ አቅፎኝ ረጅም ጊዜ አይለቀኝም። አሃ፣ ልጆቹም ያውቃሉ፣ እያዘኑልኝ ነው አልኩ። በዚያው ሰሞን ጎንደር ያለችው ታላቅ እህቴ ይታይሽ መደወል አቁማ ነበር። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኛ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንመጣ እሷ ቀርታ፣ ዕድሜዋን በሙሉ የመምጫ ተራዋን ስትጠብቅ የኖረች ናት። ምነው ጠፋች ብዬ ስጠይቅ፣ ጎንደር የስልክ መስመር ተቋርጧል አሉኝ። አመንኳቸው። ቲማቲም የማላምን ሴት ያንን አመንኩ፣ ምክንያቱም ጥርጣሬዬን በሙሉ ቀለም ቤቱ ላይ ጨርሼው ነበር።

አንድ ቀን ሐኪም ቤት እሄዳለሁ ብዬ ፖሌግ ወረድኩ። በመስታወቱ ውስጥ ሁለቱን አየኋቸው። መኒፋው በመካከላቸው ተዘርግቷል፣ ሊያት ታለቅሳለች፣ ተገኘ ትከሻዋን መታ መታ እያደረገ ያጽናናታል። ስገባ መኒፋው ጠፍ ብሎ ተዘጋ። ተገኘ የቀለሙ ሽታ ዓይኗን አቃጥሏት ነው አለኝ። የውሃ ቀለም ዓይን ያቃጥላል እንዴ? ቀለሙን እናንተው ምረጡት፣ እኔ ደከመኝ ብያቸው ወጣሁ። ነጣ ያለ ቀለም አዘዙ፣ ቀቢው መጥቶ ቀባው። እኔም የሌላ ሴት ምርጫ ውስጥ ተጋድሜ ጣሪያ አያለሁ። ያን ጊዜ እንዲህ ነበር የማስበው። ቂሙ ከሻጋታው ይልቅ ይሸተኝ ነበር።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ። ሊያት የምትወደው ልጅ ነበር፣ ልጁም ይወዳታል፣ ሽማግሌ ሊላክ ቀን ተቆርጧል። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የወንዱ ወገን ቀስ ብሎ ይጠይቃል፤ ዘሯ ምንድን ነው፣ አመሏ እንዴት ነው፣ ከማን ጋር ትውላለች። የልጁ አክስት እትዬ ባዩሽ ጎረቤቴ ናት። ልትጠይቀኝ በሚል ሰበብ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እኔስ አንቺን ብየ ነው የመጣሁ» አለችኝ። «ያችን የቀለሟን ልጅ ታውቂያታለሽ አሉ። የሐቱናው፣ የሠርጉ ቀን ሳይቆረጥ አንድ ቃል ንገሪኝ።»

ደግ ልጅ ናት ማለት እችል ነበር። አላውቃትም ማለት እችል ነበር። በባሌ ጠርጥሬያታለሁ ብል እንኳ ባዩሽ ተገኘን ጠርታ ትጠይቀው ነበር፣ ነገሩም ያኔውኑ ይጠራ ነበር። እኔ ግን እንዲህ አልኩ።

«ባዩሽ፣ እኔን ተይኝ። የሰው ልጅ ስም በአፌ አላነሳም።»

ይኸው ነው፣ ሌላ አልጨመርኩም። የእኛን ሰው የምታውቁ ምን እንዳደረግኩ ገብቷችኋል። ብሰድባት ቀንታ ነው ይሉ ነበር። ብዋሽ ይጣራ ነበር። «ስሟን አላነሳም» የሚባለው ግን ሊነሳ የማይችል ነገር ላላት ሴት ነው፣ ማንም አያጣራውም፣ ማንም አይከራከረውም። ባዩሽ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ገባኝ እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ ብላኝ ሄደች። እኔ ደግሞ ትራሴን አገላብጬ ተኛሁ። ደህና እንቅልፍ ወሰደኝ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ እንቅልፍ ነው።

ሽማግሌው ሳይላክ ቀረ። ልጁ ጥቂት ታገለ ይባላል፣ በኋላ ግን እናቱ አለቀሰችበትና ስልክ ማንሳት ተወ። ለምን እንደሆነ ለሊያት የነገራት የለም። እኔ ስሰማ ምን አልኩ? እሰይ አላልኩም። የእጇን ነው ያገኘችው አልኩ፣ በልቤ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ቄሱ ከፊት፣ ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ከዚያ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ልጆቼ ሁሉ። እንደዚያ ባለ ሰዓት እንደዚያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ልጅ ሆኜም አውቅ ነበር።

«አለምነሽ ልጄ፣ ጠንክሪ» አሉኝ ቄሱ። «ይታይሽ አርፋለች።»

ያረፈችው እኔ ከሆስፒታል በወጣሁ ሰሞን ነበር። ልቧ ሳይጠና መርዶ አይነገራትም ብለው ሽማግሌዎቹ ወስነው፣ ሁሉም ሰው ያን ሁሉ ጊዜ አፉን ይዞ ኖሯል። የበረንዳው ስልክ እሱ ነበር። የወጥ ቤቱ ሹክሹክታ እሱ ነበር። ተገኘ ሳሎኑ ለለቅሶ እንዲደርስ ነው ሲሯሯጥ የነበረው። ለቅሶ ቤት ግድግዳው ቀይ ሆኖ ሰው እንዳያማኝ ፈርቶ፣ መቶ ሰው ጀርባውን የሚያስደግፍበት መሆኑን አስቦ። ለሊያት የነገራት ቀዩን ለምን እንደሚያስለውጥ ማስረዳት ስለነበረበት ነው። እሷም ያለቀሰችው ለእኔ ነው፣ እትዬ አለም ቀለም ስትመርጥ ደስ እያላት እኔ እያወቅኩ እንዴት ዝም እላለሁ ብላ። ይህን ያጫወተኝ ራሱ ተገኘ ነው፣ በለቅሶው መካከል፣ ሊያጽናናኝ ብሎ። እኔ ለእህቴ እያለቀስኩ ነበር፣ ከዚያች ሰዓት በኋላ ግን እንባዬ ለማን እንደሚፈስ አላውቅም።

እስከዚህ ያለውን አላወቅኩም ነበር ልል እችላለሁ። ተጠራጣሪ ነኝ፣ ታምሜ ነበር፣ እነሱም ደብቀውኛል። ጥሩ ምክንያት ነው፣ እኔም ብዙ ጊዜ ለራሴ ብየዋለሁ። የሚቀጥለውን ግን ምን ልበለው?

በሺቫው፣ በሰባቱ የለቅሶ ቀን መካከል ባዩሽ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እጄን ይዛ፣ ያን ነገር ተውነው፣ አንቺ ባትኖሪ ጉድ ሆነን ነበር አለችኝ በጆሮዬ። ልጁ ገና ሌላ አላጨም። ነገሩ ገና ትኩስ ነበር፣ አንድ ቃል ይመልሰው ነበር። ተሳስቼ ነው ባዩሽ፣ ልጅቷ ንጹሕ ናት፤ እንዲህ ማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? ግን ከምን ተሳስተሽ ነው ትለኛለች። ከዚያ ባሏን በልጅ ጠረጠረች ይባላል፣ ከዚያ እሱ የእህቷን ለቅሶ ሲያሰናዳላት እሷ ይህን ታስብ ነበር ይባላል። ስሜን ከስሟ ጋር መዘንኩ፣ የእኔው ከበደብኝ። እጇን ጨበጥ አድርጌ ዝም አልኩ። የመጀመሪያውን ዝምታ ሳላውቅ ነው ዝም ያልኩት። ይህንን ግን እያወቅኩ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት ሊያት መጣች። ከሥራ ነው የመጣችው፣ ጥፍሮቿ ዙሪያ ነጭ ቀለም ነበር። ከስታለች። ባዩሽ እንዳየቻት ፊቷን አዞረች፣ ልጅቷም ማዞሯን አየች፣ ለምን እንደሆነ ግን አላወቀችም። መጥታ እግሬ ሥር ተንበረከከች።

«እትዬ አለም፣ ስሊሃ፣ ይቅር በይኝ» አለችኝ። «ፊትሽ ቆሜ ዋሸሁሽ። ቀዩ ምንም አይሆንም ነበር። እህትሽን ደበቅኩሽ።»

ሴቶቹ ሁሉ ያዩኛል። ግንባሯን ሳምኳት። ይቅር ብየሻለሁ ልጄ፣ እግዜርም ይቅር ይበልሽ አልኳት። እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት ሲሉ ሰማሁ። እሷም ቀለል ብሏት ተነሳች።

ልጁ በኋላ ሌላ አገባ፣ ሠርጉ ላይ ተጠርቼ በልቻለሁ። ሊያት ቀለም ቤቱን ትታ ወደ ደቡብ ሄደች ይላሉ። አግብታ ይሆናል፣ አላገባች ይሆናል፤ ስሟ ሲነሳ ክፍሉን ለቅቄ ስለምወጣ አልሰማሁም። የስልክ ቁጥሯ ግን አለኝ። ይህን ስጽፍም አጠገቤ ነው፤ ተገኘ ከመርፐሰቱ ምን እየጻፍሽ ነው ሲለኝ ምንም ብዬዋለሁ። እሷ የለመነችኝን ይቅርታ ሰጥቻታለሁ። እኔ ግን የእሷን ይቅርታ እስከ ዛሬ አልለመንኩም፤ ለእናንተ ነገርኩ ማለትም ለመንኳት ማለት አይደለም።