ጎማ ያጋባሁ ዕለት

ሙሽራ አትናገርም። ወደ አማቶቿ ቤት ስትወሰድ አንገቷን ደፍታ፣ በነጠላ ተሸፋፍና፣ እንደ ተጫነ ጆንያ ዝም ትላለች። እኔም ከሰፈራችን እስከ ወንዙ ድረስ ጨዋ ጆንያ ነበርኩ።

መኪናው የባሌ የአባቱ ነው። ደርግ ወድቆ አገሩ ሁሉ ነጋዴ ልሁን ባለበት ሰሞን የገዙት፣ ሽንኩርት የሚያመላልሱበት አሮጌ የጭነት መኪና። ጋቢና ውስጥ እሳቸው፣ ባሌና እኔ፤ ሚዜዎቹ ከኋላ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር። አማቴ "ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ነው፤ ምን ይነካዋል!" እያሉ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ገቡ። መሐል አሸዋው ላይ ቆምን።

የፊት ጎማዎቹንም የምታሠራውን አጭሯን ማርሽ ጎተቱ። የኋላ ጎማዎቹ ጉድጓዳቸውን ማሱ፤ የፊቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ወርደው የፊት ጎማዎቹ እምብርት ላይ ያለችውን የምትዞር ክብ ብረት አዩ። "ሎክ" እና "ፍሪ" የሚል ተጽፎባታል፤ ቆልፍና ልቀቅ እንደ ማለት።

"ፍሪ ላይ ነው፤ ደግ ነው። የተያዘ መኪና ላይ ደግሞ ጎማ ይቆለፋል እንዴ?" ብለው ተመልሰው ነዳጅ ረገጡ።

በደብረ ሲና በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። እኛ ቆላ ጠብታ ሳይወድቅ ወንዙ የደጋውን ጎርፍ ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። ፈራሁ።

አባቴ የእርሻ መኪና ሾፌር ነበር። ጭቃ ሊገባ ሲል ወርዶ ያቺን ብረት ያዞርና "አጋባኋቸው" ይል ነበር፤ ጎማውን ከዘንጉ ጋር ማለቱ ነው። ካልተጋቡ፣ ማርሿ ብትጎተትም ዘንጉ ብቻውን ይዞራል፤ ጎማው ወሬም የለው። ደረቅ አስፋልት ላይ ደግሞ ያፋታቸዋል፤ አለዚያ እየተጓተቱ ይሰባበራሉ።

"አባባ፣ ያጋቧቸው!" አልኩ።

ባሌ ክው አለ። አማቴ ዞረው አዩኝ። "ተጋብታችሁ የለም እንዴ፣ ልጄ?"

"ጎማዎቹን! ሎክ ላይ ያዙሯቸው!"

ሙቀቱ አናቷ ላይ ወጣ ብለው ይሁን ጎርፉን ሰምተው አላውቅም፤ ብቻ ወርደው አዞሩ። የፊት ጎማዎቹ አሸዋውን ነከሱ፤ መኪናው እየተንገጫገጨ ወጣ። ዞር ስንል ቆመንበት በነበረው ቦታ ጭቃማ ውሃ ግንድ ይዞ እያለፈ ነው።

አስፋልት ላይ መኪናው በየመታጠፊያው ያቃስት ጀመር። አንዴ የተከፈተ አፍ አይዘጋ።

"አባባ፣ አሁን ያፋቷቸው።"

መስኮቱ ክፍት ነበር። ሚዜዎቹ ከኋላ አማተቡ።

ሸዋ ሮቢት ስንደርስ እነሱ ዘለው ወረዱ፤ እኔ ከጋቢና ሳልወጣ "ሙሽራዋ መንገድ ላይ ፍቺ ጠየቀች" የሚለው ወሬ ቤት ገባ። የባሌ እናት ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

"ወንዙ ሞላ ሲሉኝ ልጄን ቀብሬው ነበር" አሉ። "ማን አወጣችሁ?"

ባሌ ወደ እኔ ጠቆመ። አባቱ ስለ ማርሻቸው ማስረዳት ጀመሩ።

"ዝም በሉ አንቱ!" አሏቸው ሚስታቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ግቢ፣ የኔ ልጅ። ትንሽ እረፊና፣ እኔንና እኚህን ሰውዬ ደግሞ ታፋቺናለሽ።"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን አቀፉኝ፤ ሳቁ ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ አልለቀቁኝም።