የፈራ ፈረመ

ከሁሉ በፊት ያየሁት ስንጥቁን ነው። ፍኖተ ሰላም ዳር ካለ አዲስ የእህል መጋዘን አስገብተውኝ በሩን ከኋላዬ ሲዘጉት፣ እዚያ የተቀመጡትን ሃያ ምናምን ሰዎች ሰላም ሳልል ዓይኔ ግድግዳው ላይ ቀረ። ስንጥቁ ከጣሪያው ሥር ተነሥቶ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ ጣት ያስገባል። የሙያ ነገር ክፉ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ልጆቹ ያስባል፤ እኔ የማስበው አፈሩ በደንብ ሳይጠቀጠቅ መሠረቱ መጣሉን ነበር። መጋዘኑ ከተመረቀ ዓመት አልሞላውም። እህል ይበሰብስበታል ተብሎ ባዶውን ከርሞ ነበርና ሰው አስገቡበት።

የመንገድና የድልድይ ሥራ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ከቡሬ ወዲያ በአንድ ወንዝ ላይ የተሠራ ድልድይ በሁለተኛው ክረምቱ ፈረሰና ስብሰባ ተጠራ። ከመድረኩ "ከአቅም በላይ የሆነ ጎርፍ" ሲባል ሰማሁ። እጄን አወጣሁ። "ጎርፉ ያው የየዓመቱ ጎርፍ ነው። ድልድዩን ያፈረሰው ጥድፊያ ነው" አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ሳለሁ መጡ። እጄን እንኳ አላስታጠቡኝም፤ መጋዘኑ ስገባ ጣቴ ሽሮ ሽሮ ይል ነበር።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ እስረኞቹ ዘንድ ደርሷል። "እውነቱን የተናገረው ሰውዬ" ብለው ከበሩ አጠገብ፣ ነፋስ ካለበት፣ ቦታ ሰጡኝ። ያልነገርኳቸው ነገር ነበር። የዚያን ድልድይ የርክክብ ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ። የምሰሶው መሠረት ዓለት አልነካም። አርማታው ከተሞላ በኋላ ሊጠነክርበት የሚገባው ሃያ ስምንት ቀን ሳይደርስ፣ ውሃ እንኳ በወጉ ሳይጠጣ፣ የምረቃው ቀን ደረሰ ተብሎ ደጋፊ እንጨቱ ተነሣ። አይሆንም ብዬ ነበር። አለቃዬ "እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው፤ አንተ ነህ የምትመልሳቸው?" አለኝ። ፈረምኩ።

በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ አመጡ። ከዚያው ከወንዙ ማዶ ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ልጅ ሳሉ ቅኔ ቤት ደጅ ጠንተዋል። ዱላቸውን በር ላይ ስለወሰዱባቸው እጃቸው ማረፊያ አጥቶ ነበር። ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩላቸው።

"ምን አድርገው ነው አባቴ?"

"ወንዝ ላስመርቅ ብዬ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ድልድዩ ሲመረቅ ከተቆረጠው ሪባን ቁራጭ ደርሷቸው ጥጃቸው አንገት ላይ አስረውት ኖሯል። ድልድዩ ከፈረሰ በኋላ ሹማምንቱ ሊያዩ ሲመጡ፣ ሪባኑን ፈትተው በሁለት እንጨት መካከል ወጠሩት፤ የበግ መሸለቻ መቀስ ይዘውም ቆሙ። "ድልድዩን መርቃችሁልን ነበር፤ እስቲ ደግሞ ወንዙን መርቁልን፤ እሱ እንኳ አይፈርስም" አሏቸው።

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

"የልጄ ሚስት ምጥ ይዟት በቃሬዛ ይዘናት ወረድን። ወንዙ ሞልቷል። እስኪጎድል ተቀመጥን። እሷን እግዜር አተረፈልን።"

ስለ ሕፃኑ አልተናገሩም።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። ጣሪያው በአራት ቦታ ያፈሳል፤ በስንጥቁ በኩል የገባው ደግሞ ወለሉን ያዘው። ሁላችንም ሰሌናችንን ጠቅልለን ቆምን። ሽማግሌው ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

"ይኸም ተፈርሞበት ይሆናል" አሉ። ቀጥለውም ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ "የፈራ ፈረመ፤ የተፈረመው ፈረሰ" አሉ።

አንዱ ከኋላ "ይበል" አላቸው። እሳቸው ወደኔ ዞሩ።

"አንተ የሥራው ሰው ነህ አሉ። ያነን ድልድይ ማን ነው የፈረመው?"

ውሃው ጫማዬ ውስጥ ገብቷል። "እንጃ" አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ቃል ያፈርኩበት ነገር የለም።

በማግሥቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። አንድ ወረቀት አቀረበልኝ፤ ድልድዩ የፈረሰው በተፈጥሮ አደጋ መሆኑን፣ በስብሰባው የተናገርኩትም በስሜት ተነሣሥቼ መሆኑን ይገልጻል።

"ባለቤትህ በር ላይ ናት። ፈርምና አብራችሁ ምሳ ብሉ" አለኝ።

በመስኮቱ ትታየኛለች። ምሳ ዕቃውን በነጠላዋ ሸፍና ቆማለች። እስክሪብቶውን አነሣሁ። ልቤ ከእሷ ጋር ሄዶ ነበር፤ አልዋሽም። ዘግየት ስልበት መርማሪው የርክክቡን ወረቀት ከመሳቢያው አውጥቶ ጎኑ አስቀመጠው።

"ይኸ ፊርማ ያንተ አይደለም እንዴ? አንዴ ፈርመህ የለ? ሁለተኛው ምን ይከብድሃል?"

ሊያሳፍረኝ ብሎ ያመጣው ወረቀት አተረፈኝ። ፊርማዬን አየሁት፤ ጅራቷ እንኳ ተንቀጥቅጣለች። እስክሪብቶውን ከድኜ ጠረጴዛው ላይ መለስኩለት።

"ያኛውን የፈረምኩት ፈርቼ ነው" አልኩት። "አሁንም ፈርቻለሁ። ግን አልፈርምም።"

መጋዘኑ ስመለስ ሳልቀመጥ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

"አባቴ፣ ድልድዩን የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

አልተቆጡም። ጋቢያቸውን አንሥተው ወደ ማዶው ግድግዳ ሄዱ። ሁለት ቀን ጀርባቸውን ሰጡኝ። በበሩ አጠገብ የነበረኝን ቦታም ሰዉ ለሌላ ሰጠብኝ፤ ስንጥቁ ሥር ወረድኩ። ይገባኛል ብዬ ሰሌኔን እዚያ ዘረጋሁ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ድምፃቸውን ሰማሁ።

"ና ወዲህ። ያ በኩል ያፈሳል።"

ጋቢያቸውን ከፍተው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ከወራት በኋላ ለምን እንደያዙን ሳይነግሩን ለቀቁን። ወደ መሥሪያ ቤቴ አልተመለስኩም። ያ ትልቅ ወንዝ ዛሬም ድልድይ የለውም። ሰዉ በመስከረም ግንድ ያጋድማል፤ በሐምሌ ውሃው ይወስደዋል፤ በመስከረም ደግሞ ሌላ ዛፍ ይቆረጣል። ዳገቱ በዚሁ ተራቆተ። የሚያስተዳድሩን ሰዎች ድልድይ የሚሠሩት ለአንድ የምረቃ ቀን ነው፤ ገበሬው ግን ሠላሳና ዐርባ ክረምት ሊሻገርበት ይፈልጋል። ድልድይ ለስንት ክረምት እንደሚሠራ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ዕለት እርጥብ ወለል ላይ ቆሜ ነው።

ዘንድሮ በበጋው የሽማግሌው ቀበሌ ሰው ከወንዙ መለስ ብላ ባለች ጅረት ላይ ድንጋይ አዋጥቶ ለመሻገሪያ ቱቦ ሲቀብር ጠራኝ። ጅረት የመንደር ትከሻ ይችለዋል፤ ትልቁን ወንዝ ግን ከመንግሥት በቀር የሚችለው የለም። ከዓለት እስክንደርስ አስቆፈርኳቸው። አርማታውን ሃያ ስምንት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ሳስጠጣ፣ "ወይፈን መሰለህ እንዴ?" እያሉ ቀለዱብኝ።

ሲያልቅ ሽማግሌው መጡ። አዲስ ዱላ ቆርጠዋል። መሀሉ ላይ ቆመው ሦስት ጊዜ መቱትና ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

"ይኸንንስ ማን ፈረመው?"

ርክክብም ወረቀትም አልነበረውም።

"እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"በል እንግዲህ፤ ክረምቱን እናየዋለን" ብለው ተሻገሩ።

ይኸን የምጽፈው በሐምሌ ነው። ዝናብ በጀመረ ቁጥር ጃንጥላዬን ይዤ ወደዚያች ጅረት እወርዳለሁ።