ስሟን የጠራሁ ቀን

ስሟን እዚህ አልጽፈውም። አንዴ በአፌ ጠርቼው ምን እንዳመጣ አይቻለሁ።

በታች ጋይንት እንደኔ ያለ ጎረምሳ አልነበረም። ራሴ ስለምለው ውሸት ይመስላል እንጂ እውነት ነው። በትግል የሦስት መንደር ጎረምሳ ጥያለሁ። ፊደል ብቻ ነው የጣለኝ። መሠረተ ትምህርት የገባሁት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አስገድዶኝ ነው፤ የቆየሁት ግን በሷ ምክንያት ነው። የሸክላ ሠሪዎቹ ልጅ ነች። ከፊቴ ትቀመጣለች። እኔ አንዷን ፊደል ይዤ ሳላብ እሷ ጋዜጣ ታነባለች።

«አንተ፣ ኮርማ ትጥላለህ አሉ፤ ይቺ ‹ጨ› እንዴት ጣለችህ?» አለችኝ አንድ ቀን በሰው ፊት።

ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ የለም።

በኛ አገር ሸክላ የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው ይባላል። በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ጅብ ይሆናል ይሉታል። በሠራው ገንቦ ውኃ ይጠጡና ልጁን የሚያገባ ከተገኘ ግን ዘመድ ሁሉ ይክደዋል። እኔ አርብ በመጣ ቁጥር ገበያ ወርጄ፣ ገንቦ የምመርጥ መስዬ እያንኳኳሁ አጠገቧ እውላለሁ።

«እናትህ በገንቦ ነው እንዴ ግቢ የምታጥረው? ይሄ ስንተኛው ነው?»

«ከቆላ ስመለስ ስላንቺ እነግራታለሁ።»

«አንተ ጉረኛ! አንተ የምትናገረው ኮርማ ስለጣልክበት ቀን ነው።»

«ማርያምን እነግራታለሁ!»

«‹እወዳታለሁ› በል፤ አንዲት ቃል ነች። የቀረውን ለኔ ተወው፣ እችለዋለሁ።»

ማሽላ ልንቆርጥ ወደ ሲማዳ ቆላ ወረድን። ስመለስ በአህያ ጭነውኝ ነው። እኔን! በትግል የጣልኩት ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ቆሞ አየኝ። ትኩሳቱ እንደ ምድጃ አደረገኝ። እናቴ አለቀሰች፤ አጎቴ ጋቢ ከናነበኝና ጭስ አጨሰብኝ። የግራ እጄን አውራ ጣት ጨምድዶ ይዞ፣

«ማን ነህ? ማን ነህ የያዝከው? ተናገር!» አለ።

በኛ ዘንድ እንዲህ ሲጠየቅ የሚመልሰው በሽተኛው አይደለም፤ የበላው ቡዳ ነው በአፉ የሚለፈልፈው። እኔ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ስሟን ሦስት ጊዜ ጠራሁ አሉ። ናፍቃኝ ነው'ኮ! እነሱ ግን «ተናገረች፣ ራሷ ተናገረች!» ብለው ዱላ ይዘው ወጡ።

በሷ ቤት አባቷን ሊደበድቡ ሲሉ «እኔን አይደል የፈለጋችሁ?» ብላ ወጣች አሉ። ወደኛ ግቢ ስትገባ እሷ ከፊት ነች፤ ባለዱላዎቹ ከኋላዋ እንደ ሚዜ ይከተላሉ። የበላው ሰው ትፍ ካለበት በሽተኛው ይድናል ይባላል። ብድን ቡዳነቷ ተረጋገጠ፤ ብሞት ቤታቸው ይቃጠላል። ይሄን እሷም ታውቃለች።

እናቴ እግሯ ላይ ወደቀች። «እባክሽ ልጄን ልቀቂልኝ!»

«ኧረ ይነሱ፣ እናቴ። እኔ አልያዝኩትም።» ደግፋ አነሳቻት። ከዚያ ጋቢውን ከፊቴ ገለጥ አደረገችው። «ነቅተሃል። ለምን እንደጠራኸኝ ንገራቸው።»

ነቅቻለሁ። አጎቴ ያየኛል። የነፍስ አባታችን ያዩኛል። በትግል የጣልኳቸው ልጆች በር ላይ ተደርድረዋል። ያቺ አንዲት ቃል ምላሴ ላይ ነበረች።

«አላውቅም» አልኩ።

ጎንበስ ብላ ግንባሬ ላይ ትፍ ትፍ አለችና «ዳን» አለችኝ። ሁልጊዜ የምትለኝን «ጉረኛ» እንኳ ነፈገችኝ። ትፍታዋ ያረፈበት ቦታ ቀድሞ ቀዘቀዘ፤ በማርያም አልዋሽም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እልልታው በሷ ላይ ፍርድ ነበር። የጤና ጣቢያው ልጅ በኋላ «ወባ ነው፤ እንዲህ እየተወ ይመለሳል» ቢል ማን ይስማው?

ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠርቶ «ቡዳ የሚባል ነገር የለም፣ ኋላቀር አመለካከት ነው» አለን። ክታቡ ከኮሌታው ሥር ብቅ ብሎ ይታየኛል። የሰፈራ ዝርዝር ሲመጣ ግን መጀመሪያ የጻፈው የነሱን ቤት ነው። ወደ መተከል ነው የሚሄዱት ተባለ።

መኪናው የተነሳው አርብ ቀን ነው። ከሰው ኋላ ቆምኩ። ከላይ ሆና ለየችኝ።

«ተሻለህ?» ብላ ጮኸች።

ራሴን ነቀነቅሁ። እሱንም እንኳ በአፌ አልመለስኩም።

ከሄዱ በሦስተኛው ሳምንት ለናቴ ነገርኳት። «እወዳታለሁ፣ ለዚያ ነው የጠራኋት» አልኳት።

«ይኸው!» አለች እናቴ እያማተበች። «ዛሬም እሷ ናት የምታስለፈልፍህ።»

ቃሏን ተናገርኩ ማለት ነው። ከሄደች ወዲያ ምን ይረባል?

ወባው አሁንም ይመለሳል። ሲነሳብኝ ሰው ሁሉ ከቤት ይውጣልኝ እልና ስሟን እጠራለሁ። ቡዳ፣ የበላው ሰው ሲጠራው፣ የትም ሆኖ ይሰማል ይላሉ። እውነት ቢሆንልኝ፣ ትምጣና ትጨርሰኝ። እስካሁን ግን የመጣ የለም፤ ላብ ብቻ ነው።