በዘጠነኛው ቀን ይዘጋል
በጋዝ ማቀዝቀዣው ፋብሪካ ሰው ሁሉ «እትዬ በረዶ» ይላታል። ሃምሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት መሐንዲስ ናት። የተፈጥሮ ጋዝ ፈሳሽ እስኪሆን ሲቀዘቅዝ፣ አብሮት የመጣው ከባድ ነገር የት ላይ እንደሚረጋና የትኛውን ቱቦ እንደሚዘጋ አስቀድማ ትተነብያለች። ፋብሪካውን በኮምፒዩተር ውስጥ በቁጥር ሠርታ፣ ጋዙን በዚያ ታስኬደዋለች። ሲሙሌሽን ይባላል፤ ኦፕሬተሮቹ ግን «የእትዬ ጥንቆላ» ነው የሚሉት።

ቢሮዋ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት ጠረጴዛ አለው፤ በሁለተኛው ይቀመጡ የነበሩት፣ ሥራውን ያስተማሯት አለቃዋ፣ ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት አለፋቸው። በምትካቸው ሰው አልተቀጠረም፤ ጠረጴዛው የፕሪንተር ወረቀት ይከመርበታል። ቁጥር አልገጥም ሲላት «ይኼን እዩልኝማ» ልትል ዞር ትልና፣ ክምሩን አይታ ትመለሳለች።

አንድ ሰኞ ከአዲስ ጉድጓድ ጋዝ መምጣት ጀመረ። የላቦራቶሪው ውጤት ደህና ነው ይላል። እሷን ግን ከነከናት። ወረቀቱ ከባዱን ሁሉ ባንድ መስመር ጠቅልሎታል፤ ቶሎ የሚረጋውም የማይረጋውም እዚያው ነው። ላቦራቶሪ ወርዳ ባለሙያውን ለየብቻ እንዲለካላት ለመነችው።

«እንዲህ አድርግልኝ ያለኝ ሰው የለም» አለ።

«ይኸው እኔ አልኩህ።»

በማግስቱ አዲሶቹን ቁጥሮች ሲሙሌሽኑ ውስጥ አስገባች። ከባዱ ከዜሮ በታች መቶ ሠላሳ ዲግሪ ላይ መርጋት ይጀምራል፤ በዋናው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሉት፣ እንደ እርሳስ የቀጠኑት ቱቦዎች ጋዙ በገባ በዘጠነኛው ቀን ይዘጋሉ።

የፈረቃ አለቃው ወረቀቱን በቁሙ አነበበ።

«እትዬ፣ የግፊት መለኪያው ንቅንቅ አላለም። እኔ እሱን ነው የማምነው።»

«እሱ የሚናገረው ከረጋ በኋላ ነው። ከማቀዝቀዣው በፊት ያለውን መለያ ማማ ትንሽ አቀዝቅዙልኝ፤ ከባዱ እዚያው ይቅር።»

«ምርት ይቀንሳል።»

«አዎ፣ ይቀንሳል።»

«እንግዲያው በደብዳቤ አድርጊው።»

ጻፈች። ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት። ከዚያ በኋላ የቀራት መጠበቅ ነበር፤ ልክ እንድትሆን ትመኝ ወይስ እንድትሳሳት፣ እሷም አላወቀችውም።

ቅዳሜ እህቷ ደወለች።

«ድምፅሽ ደክሞታል፤ ምን ሆነሻል?»

«ሥራ ነው።»

«ምኑ ነው እሱ ሥራ? እስቲ ንገሪኝ።»

ደስ ብሏት ስለ ጋዙ ከመጀመሪያው ጀመረች። መሃል ላይ እህቷ «ውረድ ከዚያ ወንበር» ብላ ልጇን ተቆጣች፤ «ቀጥይ እሺ፣ እየሰማሁሽ ነው» አለች።

«በቃ፣ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።»

በስምንተኛው ቀን ጠዋት መለኪያው ተንቀሳቀሰ። በዘጠነኛው፣ ምሳ ሳይደርስ፣ ጋዙ አላልፍ አለ። ፋብሪካው ቆመ፤ ማቀዝቀዣው ሞቆ የረጋው እስኪቀልጥ ስድስት ቀን ፈጀ። ያ ሁሉ ጩኸት ጸጥ ሲል፣ ግቢው ውስጥ የራሷ ኮቴ ይሰማት ጀመር።

በስብሰባው ላይ የፈረቃ አለቃው «ኮምፒዩተሩ ልክ ነበር» አለ። ሌሎቹም በአዎንታ አንገታቸውን ነቀነቁ። ሥራ አስኪያጁ ከእንግዲህ ያለ እሷ ፊርማ የአዲስ ጉድጓድ ጋዝ እንዳይገባ አዘዘ። ወረቀቶቿን ሰበሰበች። ከስብሰባው ስትወጣ ኦፕሬተሮቹ መንገድ ለቀቁላት። የቀለደባት አልነበረም።

ጋዙ እንደገና ሲለቀቅ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ከኋላ ቆመች። መለያ ማማው እሷ ባለችው ልክ ቀዝቅዟል፤ በሲሙሌሽኑ እንዲህ ሲሆን በዘጠነኛውም ቀን የሚዘጋ ቱቦ የለም። ሙቀቱ ወረደ፤ ከዜሮ በታች መቶ ሃያ፣ መቶ ሠላሳ፣ መቶ አርባ። ግፊቱ ባለበት ቀጥ አለ። ጥቂት ጠበቀች። ማንም ዞር አላለም። ቦርሳዋን አንስታ የአሥራ አንድ ሰዓቱ ሰርቪስ ላይ ደረሰች፤ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች።